ከፍዬ ያልበረርኋቸው ሰዓታት

ሦስት ወር ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬ የማገኘው ደመወዝ አንዲት ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ለአንድ ሰዓት ያስበርራል። ምሳ ካልበላሁ፣ ባጃጅ ካልተሳፈርሁ፣ ለቤት አንድ ኪሎ ስኳር ካልገዛሁ ማለቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን ስቄ አላውቅም።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። አባቴ የእንጨት ጀልባ ይሠራሉ፤ የሚያሠራ ሲጠፋ በራሳቸው ባለ ሞተር ጀልባ ዓሣ ያጠምዳሉ። እናቴ ዓሣውን ሰንጥቃ ለምግብ ቤቶች ታቀርባለች። አውሮፕላን በሐይቁ በኩል ዝቅ ብሎ ወደ ማረፊያው ሲሄድ ግቢያችን ውስጥ ወሬ ይቋረጣል፤ ድምፁ እስኪያልፍ ሁሉም ዝም ይላል። እኔ ያን ጊዜ ክንፉን ነበር የማየው። ነፋስ ከጎን ሲገፋው አብራሪው እንዴት አድርጎ እንደሚያቀናው ለማወቅ አንገቴ እስኪታመም አንጋጥጥ ነበር። አባቴ ጀልባ መንዳት ያስተማሩኝም በዚያው ዕድሜዬ ስለነበር ሁለቱ ነገር አንድ ይመስለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ አብራሪዎችን በነጻ የሚያሠለጥን ቦታ ሁለት ጊዜ ተወዳደርሁ፤ አልገባሁም። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ የሚፈለገው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነበር። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጥሬ ማስተማር ጀመርሁ፤ የበረራውንም ነገር እርግፍ አድርጌ ተውሁት። ከዚያ ነው አንድ የግል የበረራ ማሠልጠኛ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ተከራይቶ ቅርንጫፍ የከፈተው። የወረቀቱን ትምህርት ባሕር ዳር ተምሮ፣ በረራውን አዲስ አበባ እየተመላለሱ መሥራት ይቻላል ተባለ።

ለመጠየቅ ከእናቴ ጋር ሄድን። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ክራባት የማይለየው፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ለመጀመሪያው የአብራሪነት ፈቃድ አርባ ሰዓት መብረር ያስፈልጋል አለን።

«አርባ ሰዓትማ ሁለት ቀንም አይሞላ» አለች እናቴ፣ ደስ ብሏት።

ሰውየው ዋጋውን ጽፎ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋላት። እናቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እናቴ» አላት፣ «ይህ ወጪ አይደለም። ለልጅዎ ክንፍ እየገዙላት ነው።»

እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦታ ነበራት። በማኅበር ተደራጅታ፣ ከዓሣው ላይ ለዓመታት እየቀነሰች ቆጥባ ያገኘችው ቦታ ነው። ሸጠችው። ተይ ብያት ነበር፤ ግን ጠንክሬ አላልሁም። «እኔና አባትሽ ከውሃው ርቀን የት እንኖራለን?» አለችኝ፤ እኔም ማመን ስለፈለግሁ አመንኋት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ መልካም ነበር። በመንፈቀ ዓመት እረፍት አዲስ አበባ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ቤት እያደርሁ መብረር ጀመርሁ። አሠልጣኜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ካፒቴን ነው። አንድ ቀን ነፋሱ ከግራ በኩል እየገፋን ሳለ አውሮፕላኗን አሳረፍሁ፤ የአፍንጫዋን አቅጣጫ ወደ ነፋሱ ሰብሬ፣ መንኮራኩሩ መሬት ሊነካ ሲል አቃናኋት። ሲያየኝ ቆይቶ፣

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«አብራሪ ናቸው?»

«ጀልባ ሠሪ ናቸው» አልሁት። ሳቀ፤ የበረራ መዝገቤ ላይም «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈልኝ።

አሥራ ሰባት የበረራ ሰዓት ስሞላ ብቻዬን ለመብረር ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ የዶላር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀና ብር ረከሰ፤ ማሠልጠኛውም ደብዳቤ ጻፈ። ክፍያው ከእንግዲህ በዶላር ይሰላል፤ አስቀድማችሁ ያስያዛችሁት ብርም በአዲሱ ዋጋ ይታሰባል ይላል። ደብዳቤውን ይዤ ግሽ ዓባይ ፎቁ ላይ ወጣሁ።

«ብሩን ስንሰጣችሁ እኮ በዋጋው ተስማምተን ነው» አልሁት ሥራ አስኪያጁን።

«ውሉን አንብበሽ ነው የፈረምሽው?»

«አዎ።»

«አንቀጽ አሥራ አንድን ድገሚና አንብቢ» አለኝ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

ደገምሁት። እውነቱን ነው፤ ተጽፏል። የእናቴ ቦታ አንድ ወረቀት ላይ ከግማሽ በታች ሆነ። ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድሁት፤ ባጃጅ ብይዝ ሾፌሩ ላይ እጮህ ነበር።

የቀረችውን ገንዘብ አብቃቅቼ መብረር ጀመርሁ፤ በወር አንድ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር አንድ ሰዓት። የድህነት ሒሳብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰው ካልበረረ እጁ ይረሳል። ብዙ ቀን ጠፍቶ የመጣ ተማሪ ብቻውን እንዲበር ከመፈቀዱ በፊት ከአሠልጣኝ ጋር ወጥቶ እንደገና ይፈተሻል፤ ደንብ ነው፤ ደንቡም ትክክል ነው። ግን የፍተሻውንም ሰዓት የምከፍለው እኔ ነኝ። የአንድ ሰዓት ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ አበባ እስክደርስ እጄ ረስቶ ይጠብቀኛል፤ የረሳውን ለማስታወስ ያችኑ አንድ ሰዓት እከፍላለሁ፤ ወደ ፊት የሚያስኬደኝ አይተርፈኝም። ከእኔ ጋር የጀመረ አንድ የነጋዴ ልጅ በየቀኑ እየበረረ በሦስት ወር ውስጥ ጨርሶ ወጣ። እኔ ከእሱ የበለጠ ሰዓት መክፈል ነበረብኝ፣ ገንዘብ ስለሌለኝ። ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ላስረዳቸው ብል የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ በነጻ መለማመጃ ፈለግሁ። ግቢያችን ውስጥ አባቴ ጀምረውት ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት የተወው አንድ ጀልባ ነበር፤ ጎኑ ቆሞ ወለሉ ያልተመታ። በካርቶን ላይ የአውሮፕላኗን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ እንዳለ ሥዬ ከጀልባው ፊት ቸነከርሁት። አባቴ ለእግሬ የሚረገጡ ሁለት ጣውላዎች በማጠፊያ ገጥመው ሠሩልኝ። ከሥራ ስመለስ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከመነሣት እስከ ማረፍ ያለውን ሁሉ ጮክ ብዬ እያልሁ እሠራው ነበር። አባቴ ከውጭ ሆነው የጀልባውን ጎን በትከሻቸው ይገፉና፣

«ነፋስ መጣ! ከቀኝ ነው!» ይላሉ።

ቀኙን ጣውላ ስረግጥ፣

«ዘገየሽ። ወድቀሻል» ይሉና ወደ መጋዛቸው ይመለሳሉ።

የተደሰትሁበት ጊዜ ነበር ብዬ ልጽፈው እችላለሁ። ግን አንድ ሰው ዕውቀቱን ለመጠበቅ ካርቶን ፊት ቁጭ ብሎ መጮኹ ዛሬም ያናድደኛል። ጎረቤቶቻችን ልጅቷ ጀመራት ብለው አውርተዋል።

በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለልኝ። «ዋጋው በድጋሚ ሊጨምር ነው» አለኝ። «እስከ ዓርብ የስድስት ሰዓት በረራ አስቀድሞ ለከፈለ ግን በአሁኑ ዋጋ ይያዝለታል። ለአንቺ ብዬ ነው።» ገንዘብ እንደሌለኝ ነግሬው ዘጋሁ። እራት ላይ ነገሩን እንዲያው እንደ ወሬ አነሣሁት። በማግስቱ አባቴ ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ከየት ነው?» አልኋቸው።

«አስቀምጬው ነበር።»

«አባባ፣ እርስዎ ገንዘብ አስቀምጠው ያውቃሉ?»

«ያስቀመጥሁትን ሁሉ ላንቺ መንገር አለብኝ?» ብለው ተቆጡኝ። አባቴ ሲቆጡ ስለማልወድ ፌስታሉን ተቀበልሁ። ዓርብ ሳይደርስ ከፈልን፤ ደረሰኝ ተሰጠኝ።

ስድስቱን ሰዓት በተከታታይ ቀናት ለመብረር ከትምህርት ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቅሁ። የአዲስ አበባ መንገድ በጸጥታው ምክንያት ስለማይታመን በአውቶቡስ መሄድ አልቻልሁም። ስለዚህ አውሮፕላን ማብረር ለመማር አውሮፕላን ተሳፍሬ ሄድሁ፤ ትኬቱን ከደመወዜ ተበድሬ።

አውሮፕላኗ የምታድርበት ሃንጋር ስደርስ አውሮፕላናችን ቆማለች። የፊቷ ሽፋን ተነሥቷል፤ ውስጧ ባዶ ነው። ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ ሞተር የለም። አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አጠገቧ ሻይ ይጠጣሉ።

«ጋሼ፣ ሞተሯ የት ሄደ?»

«ዕድሜውን ጨርሶ ወረደ እኮ፣ ልጄ። ከወረደ ሁለት ወር ሊሆነው ነው።»

«ሌላ አውሮፕላንስ?»

«የቷ ሌላ? ይቺው ናት ያለችው።»

ሁለት ወር። እኛ የከፈልነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የሥራ አስኪያጁን ድምፅ አስታወስሁ፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» ያለውን። መካኒኩ የተቀመጡበትን በርሜል ለቀቁልኝ፤ «እኔ ለአለቆቹ ነግሬ ነበር፤ ተማሪ አትመዝግቡ ብዬ» አሉ። አሠልጣኜ ሲመጣ ዓይኔን ማየት አቃተው። እሱም ደመወዝ ከተከፈለው እንደ ቆየ ነገረኝ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ የሚሰደብ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሞተሩ ይመጣል እየተባለ አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ቤት ስሄድ እናቴ ገበያ ነበረች፤ አባቴም አልነበሩም። ዕቃዬን አስቀምጬ ወደ ዳርቻው ወረድሁ። ፀሐዩ ገና ብርቱ ነበር። ራቅ ብሎ አንድ ጀልባ ይታየኛል፤ አንድ ሰው ይቀዝፋል። ሦስት አራት ጊዜ ይቀዝፍና ያርፋል፤ እንደገና ይቀዝፋል። ነፋሱ ወደ ኋላ እየመለሰው ነው። ማን ነው ይህ ሞኝ፣ በዚህ ነፋስ በመቅዘፊያ የወጣ፣ ብዬ አሰብሁ። ሲቀርብ አባቴ ናቸው።

ጀልባው ዳር እስኪደርስ ቆሜ ጠበቅሁ። ከኋላ ሞተሩ ይታሰርበት የነበረው ጣውላ ባዶውን ነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ ብቻ ይታያል።

«መጣሽ?» አሉኝ፣ እያለከለኩ።

«አባባ፣ ሞተሩስ?»

«ጥገና ገብቷል።»

«የት?»

መረቡን መሰብሰብ ጀመሩ። መረቡ ውስጥ የነበረው ዓሣ ለእራት ይበቃል፤ ለገበያ አይሆንም።

«ሸጥኸው?» አልሁ።

በሕይወቴ አባቴን አንተ ብያቸው አላውቅም። ሁለታችንም ሰማነው። ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም።

«ሸጥሁት» አሉ። «ሞተር ይገዛል።»

«በምን ይገዛል? በዚህ ዓሣ? እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ እየቀዘፉ፣ እኔ እዚያ… ለምን ዋሹኝ?»

«ብነግርሽ ትከፍይ ነበር?»

«አልከፍልም!»

«ለዚያ ነዋ።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኋቸው፤ አውሮፕላኗ ሞተር እንደሌላት፣ ገንዘቡን ሲቀበሉንም እንዳልነበራት። አባቴ የጀልባው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«የእኔን ሞተር ሸጠን ሞተር የሌለው አውሮፕላን ተከራየን በይኛ! አልሐምዱሊላህ፣ ይህንንም አየን።»

እኔ አልሳቅሁም። አለቀስሁ፤ ከኀዘን አይደለም፣ ከንዴት። በሰውየው፣ በአንቀጽ አሥራ አንድ፣ በአባቴ ውሸት፣ ከሁሉም በላይ ገንዘቡን በፌስታል ስቀበል ሁለተኛ ሳልጠይቅ በቀረሁት በራሴ ተናድጄ።

በማግስቱ ጠዋት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በቦርሳ ይዤ ግሽ ዓባይ ሄድሁ። የእረፍት ፈቃዴ ገና አላለቀም ነበር።

«ቀጠሮ አለሽ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ቀጠሮ የለኝም። የተከፈለ ስድስት የበረራ ሰዓት ነው ያለኝ።»

«ሞተሩ በቅርብ ይገባል። ጉምሩክ ነው ያዘገየው።»

«እንግዲያው እስኪገባ እጠብቃለሁ» አልሁና የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረቀት ማረም ጀመርሁ።

መጀመሪያ የምሰለች መስሎት ተወኝ። ግን ያ ክፍል ለመመዝገብ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። የመጀመሪያዋ እናት ልጇን ይዛ ገብታ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ፣ «እዚህ የምትከፍሉበት አውሮፕላን ሞተር የለውም። እኔ ከፍዬ ሄጄ አይቼ መጣሁ» አልኋትና ደረሰኜን አሳየኋት። ሴትየዋ ልጇን ይዛ ወጣች። ከሰዓት በኋላ የመጡት ሁለት ወንድማማቾችም ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ጥበቃውን ጠርቶ አስወጣት አለው። ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ፈተናው ወረቀት ተመለከተ።

«መምህርት ናት እኮ» አለ። አልነካኝም።

ሁለተኛውንም ቀን እንዲሁ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ከመራዊ መጡ፤ ከሴት ልጃቸው ጋር። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ የሚያበራ ልጅ ናት። አባትየው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ገንዘቡን በብብታቸው ሥር እንደ ያዙ ተቀመጡ። ስነግራቸው ልጅቷ ጠላችኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት። አባትየው ግን ተነሥተው ወደ ሥራ አስኪያጁ በር ሄዱ።

«ጌታው፣ ይቺ ልጅ የምትለው እውነት ነው?»

«ሞተሩ መንገድ ላይ ነው፣ አባቴ። ሂደቱ ተጀምሯል።»

«እኔ የጠየቅሁ አለ ወይስ የለም ብዬ ነው።»

«በአሁኑ ሰዓት…»

«የለም ማለት ነው» አሉና ልጃቸውን ይዘው ወረዱ። ደረጃው ላይ ሆነው ወደ ኋላ ዞረው፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጅቷ አልዞረችም።

የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስላሳነቱን ተወ። ክራባቱን አላልቶ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«ስም ማጥፋት ነው ይሄ! እከስሻለሁ!»

«ይክሰሱኝ። ዳኛው ሲጠይቁኝም ይህንኑ ነው የምናገረው።»

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ገንዘባችንን። ካልሆነ ሰዓቱን፣ በምትበር አውሮፕላን።»

በሩን ዘግቶ ስልክ ደወለ፤ ለማሠልጠኛው ባለቤት መሆኑ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ጩኸቱ ይሰማኛል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ወጣና በሌላ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ስድስቱን ሰዓት እንደሚያስበርሩኝ ነገረኝ። በጽሑፍ ካልሆነ አልነሣም አልሁት። ጻፈ። ማኅተም አልሁት። መታው፤ ጠረጴዛው እስኪናጋ መታው። ምንዛሬው የበላውን አልመለሱልኝም። ይህንንም ጠይቄ ነበር፤ አንቀጽ አሥራ አንድ አለኝ።

በመጨረሻ የበረርሁት በዚያ ወረቀት ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ መብረር በጀመርሁ በሦስተኛው ቀን አሠልጣኜ ማኮብኮቢያው ዳር አውሮፕላኗን አስቁሞኝ ወረደ፤ የራሱን ወንበር ቀበቶ አስሮ፣ በሩን ዘግቶ፣ በመስኮቱ በኩል አውራ ጣቱን አሳየኝ። ብቻዬን ተነሣሁ። የአንድ ሰው ክብደት ስለቀነሰላት ካሰብሁት ቀድማ ከመሬት ለቀቀች። ንዴቴ ሁሉ መሬት ላይ ቀረ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ አልቀረም። ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር ሳይ አባቴ ሲቀዝፉ ነው የታዩኝ። ነፋሱ ከቀኝ ነበር። አልዘገየሁም። አንድ ዙር ዞሬ አሳረፍኋት፤ ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ስነግራቸው አባቴ «ማሻአላህ» ብለው ራሴን ሳሙኝና ወዲያው ሥራ እንዳለባቸው ሁሉ ወጡ። ሞተሩ እስከ ዛሬ አልተገዛም። እኔም ለፈቃዱ ስንት ሰዓት እንደ ቀረኝ የሚጠይቀኝ ሰው አልወድም።

ወሬው ሲሰማ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«እንኳን ደስ አለሽ! አንድ ፎቶሽን ብትልኪልን። የጣና ልጅ ብቻዋን በረረች ብለን መግቢያው ላይ እንለጥፈዋለን። ለሴት ልጆች ተስፋ ነው።»

«ከፎቶው ሥር ምን ትጽፋላችሁ?»

«ስምሽን፣ ከተማሽን…»

«ስንት እንደ ከፈልሁና ስንት እንደ በረርሁስ?»

«አሁንም እዚያው ነሽ?» አለኝ። «ሰው ይቅር ይባባላል።»

«ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ» አልሁት። «ፎቶዬን እዚያ ፎቅ ላይ እንዳላየው። ካየሁት ወንበሬን ይዤ እመለሳለሁ።»

የኔን አልለጠፉም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእናቴ ጋር በዚያ ስናልፍ ሕንጻው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ የአብራሪ ልብስ የለበሰች፣ ጥርሷ ነጭ፣ ፀጉሯን ነፋስ ያልነካው አንዲት ቆንጆ ልጅ ትስቃለች፤ ከኢንተርኔት የተወሰደች። እናቴ ቆማ አየቻት።

«ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

«የማንም አይደለችም» አልኋት፤ እጇን ይዤ መንገዱን አሻገርኋት።